ሰላሳ አምስት ደቂቃ

— ሄሎ... ሄሎ፣ ማሙሽ?... አይሰማም፣ ጮክ በል... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ሙሽራ? አንቺ ነሽ እንዴ?

— እኔማ ወንድሜ መስሎኝ። የሱ ቁጥር ነዋ ያወጣው። ደህና ነው እሱ?... ሚጢጢስ?... እፎይ። አስደነገጥሽኝ እኮ። ወንድሜን ካገባሽ አምስት ዓመትሽ፣ አንድ ቀን ራስሽ ደውለሽልኝ አታውቂም። ዛሬ ከመሬት ተነስተሽ ስትደውዪ ምን ልበል?

— ግቢ ነው?... የአከራይዋን በር እየቀባ? አይ ማሙሽ፣ በሥራውም ቀለም፣ በእረፍቱም ቀለም። አንቺስ፣ ዛሬ የሥራ ቀን አይደለም እንዴ?... እሺ፣ ኋላ ትነግሪኛለሽ።

— አይ፣ እየነዳሁ አይደለም። ዴፖ ነኝ፣ የሾፌሮች ማረፊያ። የጠዋቱን ጨርሼ ሻይ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። የቀኑ ምልልስ ገና ነው፣ ሰላሳ ደቂቃ ያህል አለኝ... ቆይ አንድ ጊዜ — አንተ፣ ያንን ሬዲዮ ቀንስልኝ እስቲ፣ ከቤት ነው — እሺ፣ መጣሁ። ስምሪት ነው። አውቶቡስ የሚመድበን ሰውዬ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስተን ስምሪት እያልነው ቀረ።

— የደወልሽው ስለ ቤቱ ነው አይደል? አውቄያለሁ... አይ አይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር፣ ካልነገርኩሽ ያመኛል። ትናንት ሄጄ አየሁት። ሁለት ክፍል። አንዱ ሰፋ ይላል፣ አልጋና ቁምሳጥን ገብቶ ለሚጢጢ መሮጫ ይተርፋል። ውኃው ግቢ ውስጥ ነው፣ ቧንቧውን በገዛ እጄ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ማድ ቤቱ ጠበብ ብሎ... ግን መስኮት አለው። ከኛ ቤት ሁለት መንገድ ነው፣ ባለቤቴ ደጃፍ ቆማ ብትጣራ ትሰሚያታለሽ። ከጀርባው ብየዳ ቤት አለ፣ እሱን አልደብቅሽም፣ ቀን ቀን ይጮኻል። ቀን ደግሞ ማን ቤት ይውላል?

— ኪራዩማ አሁን ካላችሁበት ትንሽ ከፍ ይላል። ትንሽ ነው። ደግሞ አከራዩን እስከ እሁድ ለሰው እንዳታሳይ ብዬዋለሁ፣ ቃሌን ይሰማል። ባለቤቴማ አላስችል ብሏት መጋረጃውን ከወዲሁ አጥባ አስጥታዋለች። ሚጢጢ የምትተኛበትን ጥግ እንኳ መርጣለች። እኔ እዚህ ላሉት ሁሉ ወንድሜ ሰፈሬ ሊገባ ነው ብዬ አውርቼ...

— ሄሎ?... ሙሽራ፣ ትሰሚኛለሽ?... መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

— ሌላ ነገር ነው?... በይ እሺ። አፌን ይዣለሁ። ንገሪኝ።

— ... አዎ። አሁን ያላችሁበት ሰፈር፣ መጨረሻ ፌርማታ፣ ግቡ ብዬ የመከርኳችሁ እኔ ነኝ፣ አልካድኩም። በያኔው አቅማችሁ መሀል ከተማ አንዲት ጉሮኖ እንኳ አትገኝም ነበር። መጨረሻ ፌርማታ ግን በዚያው ኪራይ ሁለት ክፍል፣ ያውም ከነግቢው። አንቺም የሰባት ወር እርጉዝ ነበርሽ... አስታውሳለሁ እንጂ። እኛ ቤት፣ ያበጠ እግርሽን በርጩማ ላይ ሰቅለሽ። "ከሥራዬ አይርቅም ወይ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

— እኔም ሰላሳ አምስት ደቂቃ አልኩሽ። ነው እኮ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የነዳሁበት መንገድ ነው፣ ሙሽራ። ጉድጓዱን ሳይቀር በቁጥር አውቀዋለሁ። ከመጨረሻ ፌርማታ እስከ ስፌት ፋብሪካችሁ በር ሰላሳ አምስት፣ ሲብስ ሰላሳ ስምንት። በሰዓት ይዤ ነው የምነግርሽ።

— በስንት ሰዓት?... ምን በስንት ሰዓት?... እኔ የምነዳው? የመጀመሪያውን ነዋ። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነሳውን። ነባር አይደለሁም እንዴ፣ ተራውን መጀመሪያ የሚመርጥ ነባር ነው። እኔ በባዶ መንገድ ሽው ብዬ እገባለሁ፣ ግፊያውን ለጎረምሶቹ እተውላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ መስመር እዛወራለሁ። ቀትር ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ወደናንተ እመጣለሁ፣ እሱም ቢሆን... እሱም በባዶ መንገድ ነው።

— ... አይ። ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ነድቼው አላውቅም... በአንድ ሰዓትም አላውቅም... ማታማ አልነዳም፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ ነኝ።

— ሁለት ሰዓት? ኧረ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፣ ሙሽራ። በፍጹም። ምናልባት አንድ ቀን መንገድ ተዘግቶ... በየቀኑ?... ቆይ። ቆይ አትዝጊ — ስምሪት፣ ስማ እስቲ። ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ከመጨረሻ የሚነሳው፣ ስፌት ፋብሪካው ጋ በስንት ይደርሳል?... ምን?... ዝናብ ከሌለ?... ሰልፉን ጨምረህ ነው?... ሳትጨምር —

— ... አለሁ። አለሁ፣ ሙሽራ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ይላል። ዝናብ ከሌለ። ሰልፉን ሳይጨምር።

— ስምሪት፣ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?... ምን?... እሺ። ልክ ነህ — አልጠየቅከኝም ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ፣ መንገዱ የኔ አይደል? ቲኬት ቆራጯ እንኳ እዚያ ጥግ ቁጭ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ማረፊያው ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሙሽራ። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

— በመጀመሪያው ብትሄጂ ኖሮ... አዎ፣ እኔ በምነዳው... አዎ። በዚያ ጨለማ ሃያ ደቂቃ በእግር፣ ለብቻሽ፣ እስከ ፌርማታው። አይሆንም። ሚጢጢን የምትይዝልሽ አከራይዋም ከአስራ አንድ ተኩል በፊት አትቀበላትም። አዎ፣ አይሆንም።

— ማሙሽ ግን ለምን አልነገረኝም? አፍ የለውም እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ!... እ?... ምን አለሽ?

— ... "ጋሼ አስራ ዘጠኝ ዓመት የነዳበት መንገድ ነው፣ የምትንቀረፈፊው አንቺ ነሽ" አለሽ?... አንድ ቀን ብቻ ነው ወይስ...

— በየሳምንቱ።

— ... ከማን ጋር ወሬ ይዘሽ ነው እያለ... እሺ... ፋብሪካው ድረስ ሄዶ?... ዘበኛውን ጠየቀው? ምን ብሎ?... ስንት ሰዓት እንደምትወጪ?... ከማን ጋር እንደምትወጪም?

— ሙሽራ...

— አይ፣ መስመሩ አይደለም። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ነው።

— ወንድሜን አውቀዋለሁ እኮ። ክፉ ሰው አይደለም... አንቺም አልሽው፣ አዎ። ክፉ ቢሆን ይሻልሽ ነበር፣ ይገላግልሽ ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ እኔን ያምናል። ሚስቱ ላብ በላብ ሆና በሩን ስትከፍት እያየ፣ የዓይኑን ትቶ የኔን አፍ ያምናል። ምን ቆርጦኝ ነው በደቂቃ የነገርኳችሁ? "ቅርብ ነው" ብዬ ብተወው ምን ነበር? ሰላሳ አምስት! ሰላሳ እንኳ ብል ግምት ነው ይባልልኝ ነበር። እኔ ግን አምስቷን ጨመርኩባት፣ እንዳወቀ ሰው።

— ይቅር በይኝ። አይ፣ ተዪ፣ ምንም አይደል አትበዪኝ። ምንም ነው።

— ማታስ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?... ከምሽቱ ሁለት... ሚጢጢ ተኝታ። ጠዋትም ተኝታ ጥለሻት ትወጫለሽ። ስለዚህ ልጅሽን የምታገኚያት እሁድ ነው። እንደኔ። እኔም እሁድ እሁድ ነው የማያት፣ ግን እኔ አጎቷ ነኝ።

— ... አከራይዋን "እማዬ" ማለቷን? አዎ... ፊቴ ነው ያለቻት። ባለፈው ጊዜ መጥቼ። እንደውም ስቄ፣ "ሁለት እናት ያላት ሀብታም" ብያታለሁ። አንቺ ያኔ ተነስተሽ ወደ ማድ ቤት ገባሽ። ውኃ ልታፈይ መስሎኝ ነበር።

— አላፈላሽም... አዎ። አሁን ነው የገባኝ።

— እና ዛሬ ለምን ቤት ዋልሽ?... ባለፈው ሳምንት?... በወር ሦስት ጊዜ አርፍደሽ የፋብሪካው በር ከተዘጋብሽ መባረር ነው ሕጉ... ሦስተኛው ዝናቡ የጣለ ቀን ነበር። እሺ። አሰናበቱሽ። ስድስት ዓመት ከሠራሽበት ቦታ። ማሙሽ ይኼንንም አልነገረኝም... እኔ እንዳላዝን ብሎ። አይ እሱ፣ እኔ እንዳላዝን አንቺን ሲያሳዝን ኖረ።

— እሺ። አሁን ምን እናድርግ? ከዚያ ቦታማ ትወጣላችሁ፣ አንድ ቀን አያሳድራችሁ። ያ ያየሁላችሁ ቤት... ይኼኛውን ሰላሳ አምስት ብዬ አይደለም፣ ሂጂና በእግርሽ ለኪው። ከዚያ እስከ ገበያው...

— የምትከፍሉት የላችሁም። ያንቺ ደሞዝ ከቀረ አዎ... ትንሽ ከፍ ይላል ያልኩት አሁን ብዙ ነው... እኔ ልሙላላችሁ?... እሺ፣ አልተናገርኩም። ተይው። ፋብሪካው አጠገብ አይተሻት የነበረችው አንድ ክፍልስ?... ግድግዳዋ ውኃ ያዝላል። የሚጢጢ ደረት ደግሞ አይችለውም። አዎ፣ ፋብሪካውም ከሌለ አጠገቡ ምን ሊያደርግላችሁ።

— ሦስተኛው የቱ ነው?... እህትሽ ጋ?

— ... እህትሽ ያለችበት ከተማ?... ሙሽራ፣ ያ እኮ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በጠዋት ተነስተሽ ማታ ነው የምትደርሺው... ይመስለኛል። ነድቼው አላውቅም።

— እየሰማሁ ነው... ልብስ ስፌት ቤቷ ሁለት የስፌት መኪና አለው። አንዱ ሰው አጥቶ ቆሟል። እሺ... ከስፌት ቤቱ ጀርባ አንድ ሰፊ ክፍል... ኪራዩ የዚህን ሩብ... ሚጢጢ እግርሽ ሥር እየተጫወተች ትሰፊያለሽ። እሺ። ጥሩ ነው። ማሙሽስ ምን ይሠራል? ቀለም የሚያስቀባ ሰው አለ እዚያ?... ትምህርት ቤት እየተሠራ ነው? በሦስት ወር አያልቅም ያ?... ሌላም ቤት ይሠራል። እሺ። ሕፃኗ ብትታመም፣ ሐኪም... ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ሁሉን አስበሽበታል ለካ። ሄደሽ አይተሽዋል?... ማሙሽ ለቀለም ሥራ ሄዶ ሲያድር፣ ያን ሦስት ቀን... እህ። እኔ ደግሞ ለዘመድ ለቅሶ የሄድሽ መስሎኝ ነበር።

— ወሽመጤን ነው የቆረጥሽው፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እኛ ቤት የሚሮጥ ልጅ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ባለቤቴ ከሰኞ ጀምሮ እሁድን ነው የምትቆጥረው። ያ መጋረጃ... ተይው። ይኼ ያንቺ ዕዳ አይደለም። ዝም በዪኝ፣ አሁን ልናገርና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

— እሺ፣ ምን ልርዳሽ? ማሙሽ እምቢ ብሎሽ ነው?... "ጋሼን ልጠይቅ" አለ። አዎ፣ ይላል። አባታችን ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ጫማ ሲገዛ ጋሼ የቱን፣ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ጋሼ የቱን። የሠርጋችሁን ክራባት እንኳ እኔ ነኝ የመረጥኩለት... አስቀያሚ ነበር?... አምስት ዓመት ቆይተሽ ዛሬ ትነግሪኛለሽ? ሁሉም ዛሬ ሆነብኝ እኮ።

— እኔም መጠየቁን ወደድኩት መሰለኝ፣ ሙሽራ። ሰው ሲጠይቅሽ ያወቅሽ ይመስልሻል።

— እንግዲያው አቅርቢው። አሁኑኑ። ሚስትህን ይዘህ እህቷ ጋ ሂድ እለዋለሁ፣ በአንድ ቃል ያልቃል። ቢያንቀኝም እለዋለሁ... እ?... እንዴት አይ?

— ሂድም አትበሉት... አትሂድም አትበሉት... ታዲያ ምን ተረፈኝ?

— ... "አላውቅም" ልበለው?

— ሙሽራ፣ ስሚኝ። ይኼን ቃል ለማሙሽ ብዬው አላውቅም። የማላውቀውን እንኳ አውቃለሁ ብዬ ነው ያሳደግኩት። በሌሊት "ጋሼ፣ እማማ ትድናለች?" ሲለኝ አዎ ብዬዋለሁ፣ ከየት አምጥቼ እንደሆነ እንጃ። ቀላል አድርገሽ አትዪው።

— ... አዎ... አዎ። በኔ ቃል ከሄደ፣ የከፋው ቀን በኔ ቃል ይመለሳል። እዚያም ሆኖ በሆነ ባልሆነው እየደወለ... አንቺ ደግሞ ሁለተኛ ሰው ሆነሽ... ገብቶኛል። ካንቺ ጋር ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት፣ ራሱ ይወስን ነው የምትዪው። ገብቶኛል እያልኩሽ ነው። ደግመሽ አታስረጂኝ፣ እንኳን ሁለቴ አንዴውም አሞኛል።

— ከናንተ ርቆ መኖሩን ቢመርጥስ? እዚሁ ልቅር ቢልስ?... ያኔም ዝም ልበል?... እሺ። ደፋር ነሽ። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንደዚህ ደፍሬ ምርጫውን ለራሱ አልሰጠሁትም።

— ቃሌ ነው። አላውቅም እለዋለሁ። ጥሪው... ቆይ፣ ሙሽራ... ሚጢጢን ሳሚልኝ። ሌላ አይደለም። ጥሪው በቃ።

— ... ምን?... አዎ፣ የወንድሜ ሚስት ናት። አልሰማሁም እንዳትለኝ ደግሞ፣ ሬዲዮውን አጥፍተህ ጆሮህን ስትሰጥ ነው የቆየኸው... አይ፣ እኛ ሰፈር የሚገቡ አይመስለኝም... ባለሻይዋ፣ ሻዩን አንሺልኝ እስቲ፣ በረዶ ሆኗል። ስንት ደቂቃ አለኝ፣ ስምሪት?... አስር። ይበቃኛል —

— አቤት፣ ማሙሽ... ደህና ነኝ... እጅህ ላይ ቀለም ነው? ታዲያ ስልኩን በጨርቅ ያዘው፣ ልታበላሸው ነው።

— አዎ፣ ነገረችኝ። ሁሉን ነገረችኝ... አትቆጣት። ማሙሽ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ስማኝ። ሚስትህ አልተንቀረፈፈችም። የትም አልቆመችም። በሷ ሰዓት መንገዱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው የሚፈጀው። አሁን ስምሪት ነገረኝ። እኔ የነገርኳችሁ የሌሊቱን ነው፣ ባዶውን መንገድ... አይ፣ አልተሳሳተችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ... እኔ ነኝ እያልኩህ ነው። ስምሪትን ላቅርብልህ?

— ... ዘበኛውን የጠየቅከውንም ሰማሁ። አይ፣ ለኔ አይደለም ይቅርታው። ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሷ ነው። ዛሬ። ቀለሙ ሳይደርቅ።

— ... ቤቱን? አዎ፣ አየሁት... ሁለት ክፍል ነው... አዎ፣ ውኃው ግቢ ውስጥ ነው። መስኮቱ... ቤት ነው በቃ፣ እንደማንኛውም ቤት።

— የቱ ይሻላል ነው የምትለኝ?

— ...

— አላውቅም።

— ... አለሁ፣ መስመሩ ደህና ነው። አላውቅም ነው ያልኩት... አልተቀየምኩም... አይ፣ ሚስትህም አላስቀየመችኝም። ደህና ነኝ፣ አላመመኝም። ሰው አላውቅም ሲል ታመመ እንዴ?

— አዎ፣ እኔ ነኝ። ጋሼ ነኝ። አላውቅም።

— ... ለኔ ቢሆን?... እሱንም አላውቅም፣ ማሙሽ። እኔ የምኖርበት አይደለም... ባለቤቴን ለኔ ተዋት። እሷን አታስብ... አይ፣ መጋረጃው ምን ይሆናል፣ መስኮት አይጠፋም።

— ሙሽራ አጠገብህ ናት?... እሷን ጠይቃት። ያንን ከተማ ሄዳ በዓይኗ አይታዋለች፣ እኔ አውቶቡሱ የት እንደሚነሳ እንኳ አላውቅም። ቁጭ በሉና ተነጋገሩ። ቀኑን ሙሉ ተነጋገሩ። ስትጨርሱ ያለቀውን ንገሩኝ፣ ሳያልቅ ግን እንዳትደውልልኝ። ብትደውልም አላነሳም... አላነሳም አልኩህ።

— አውቃለሁ። እኔም እወድሃለሁ። ለዚህ አይደል እንዴ እንዲህ የማጠፋው።

— በል፣ መነሻዬ ደርሷል። ዝጋው... እ?... አይ፣ እኔ አልዘጋም። ከሕፃንነትህ ጀምሮ እኔ ሳልዘጋ ዘግተህ አታውቅም፣ ታላቅ ይቅደም እያልክ። ዛሬ አንተ ቅደም... እየጠበቅኩህ ነው... ማሙሽ፣ ትተነፍሳለህ እኮ፣ እሰማሃለሁ። ዝጋው፣ የኔ ወንድም። ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው...

— ...

— ሄሎ?

— ... ሄሎ?

— ዘጋው።